ትንሿ ባቡር ሾርት ስታደርግ

ጎንደር የባቡር ሐዲድ አልደረሰባትም። ጥምቀት ሲቃረብ ግን ባቡር በሻንጣ ይገባል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ለልጆች የሚያመጣው የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ነው። በዓሉ ሳያልፍ አንዳንዱ ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው የጥገና ሱቄ ይደርሳል። "ትንሽ ሄዳ ቀጥ አለች፣ ትራንስፎርመሩም ጋለ" ይሉኛል። ሬዲዮና ቻርጀር ሲፈታ ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ደስታ ነው። ሌሎች ጠጋኞችም እየደወሉ ስለሚጠይቁኝ አፈላለጌን ልጻፈው።

መልኳ የእንፋሎት ነው እንጂ ውስጧ ያለው ትንሽ የዲሲ ሞተር ነው። በብዛት የሚመጣው ኤችኦ የሚባለው መጠን ነው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር፣ እሱ በዚሁ መጠን ቢሠራ 12 ሚሊሜትር ይበቃው ነበር። አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ነው፤ ቮልቱ እስከ 12 ይደርሳል። የባቡሯ ሻንሲ፣ ሁሉን የሚሸከመው የታችኛው አካሏ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረት ነው። በብዙዎቹ ላይ ሁለቱን ወገን የሚለያያቸው በአንድ ጎን ባሉት ጎማዎች ውስጥ የተሰካ ቀጭን የፕላስቲክ ቀለበት ነው። እንግዲህ ሾርት አለ ማለት የግራው ብረት ከቀኙ ብረት አንድ ቦታ ተነካክቷል ማለት ነው። ቦታውን ማግኘት ነው ሥራው።

ከሁሉ በፊት ለሐዲዱ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ትራንስፎርመር ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ይላል። የኛ ግድግዳ 220 ነው። ከገበያ የምትገዟት ማስማሚያ ሶኬት የፒኑን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አትቀይርም። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከሌላችሁ አትሰኩት። አስቀድሞ ተሰክቶ ተቃጥሎ ከሆነም ባቡሯ ደህና ልትሆን ትችላለች። በሞተር ሳይክል ባትሪ ሞክሯት። በቀጥታ ግን አይደለም፤ ባትሪ ሾርት ላይ ሲወድቅ ቀጭኑን ሽቦ ሁሉ ያነደዋል።

ለዚህ ነው አምፖል የሚያስፈልገው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ግቡና ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ግዙ። ወደ ሐዲዱ ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱን ቁረጡና አምፖሉን መሀል አስገቡት። ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ከ1.75 አምፔር በላይም አያሳልፍም። ሾርት ከሌለ አዳዲሶቹ ባቡሮች ብዙ ጊዜ ከግማሽ አምፔር በታች ስለሚስቡ አምፖሉ ጨለም እንዳለ ባቡሯ ትሄዳለች። ትልቁ ጥቅሙ ግን ጊዜ ይሰጣችኋል። ሾርቱ እያለ ሳትቸኩሉ በእንጨት ስቴኪኒ እያንዳንዱን ክፍል ገፋ ገፋ ማድረግ ትችላላችሁ። የሆነ ቦታ ስትነኩ አምፖሉ ድርግም ካለ ቦታውን አገኛችሁት ማለት ነው። ከቴስተር፣ ከኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በፊት አምፖል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ባቡሯን ከሐዲዱ ላይ አንሱ። አምፖሉ እንደበራ ከቀረ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው። የፀጉር ማስያዣ ወድቆበት እንደሆነ፣ ባቡሯን ወደ ሌላ መስመር የሚያዞረው የመገንጠያው ምላስ ተጣሞ እንደሆነ እዩ። ልጆች ሐዲዱን በመገንጠያ አዙረው ባቡሯ በመጣችበት መስመር እንድትመለስ አድርገው ሲገጥሙትም የግራው ከቀኙ ይገናኛል። ይህ ባቡሯን በመጠገን አይድንም፤ ቀላሉ አቀማመጡን መቀየር ነው። ሐዲድ በድስት መፈተጊያ ሽቦ የሚያጸዳ ሰው ካለ ደግሞ ከእጁ ንጠቁት። የሽቦው ብናኝ በሞተሩ ማግኔት ተስቦ ውስጥ ይገባል። አልኮል የነካ ጨርቅ ይበቃል።

አምፖሉ ከጠፋ ጥፋቱ ባቡሯ ላይ ነው። ከኋላዋ የምትጎተተውን የከሰል ጋሪ፣ ቴንደሯን፣ ለዩና ሁለቱን ለየብቻ ሞክሩ። በብዙ የቆዩ ሞዴሎች ባቡሯ ከአንዱ ሐዲድ፣ ቴንደሯ ከሌላው ነው ኤሌክትሪክ የምትወስደው። ስለዚህ የቴንደሯ ጎማ ወልቆ በግልባጭ ከገባ ወዲያው ሾርት ነው። ልጅ የነካካት ባቡር ከሆነች መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ቴስተሩን አንዱን ጫፍ አክስሉ ላይ፣ ሌላውን የጎማው ከንፈር ላይ አድርጉ። ድምፅ የማይሰጠው ጎማ ፕላስቲክ ያለው ነው። እነዚህ ጎማዎች በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ሁሉም በአንድ ጎን መሰለፍ አለባቸው።

ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ደህና ሄዳ ኩርባ ላይ የምትቆም ከሆነ ሌላ ነገር ነው። አንድ ጋሼ ይዘዋት የመጡት እንዲህ ያለች ነበረች። "ወደ ግራ ስትታጠፍ ብቻ ነው የምትሞት፣ ልጄ" አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ግማሹን መርምረው ጨርሰውታል። ፎጣ ላይ ገልብጬ ከፊት ያሉትን ትንንሽ ጎማዎች በጣቴ ወደ ጎን ገፋኋቸው። አምፖሉ ቦግ አለ። በአጉሊ መነጽር ሳይ ከትንንሾቹ ጎማዎች አጠገብ ያለው ሲሊንደር ጀርባ ላይ ቀለሙ ተፍቆ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጭ ብረት ታበራለች። ጎማው በታጠፈ ቁጥር የሚነካው እዚያ ነው። መድኃኒቱ የጥፍር ቀለም ነው። በአልኮል ጠርጉት፣ ስስ አድርጋችሁ ሁለቴ ቀቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ናስትሮ አልመክርም፤ ሙጫው በሙቀት ይለሰልስና አቧራ ይሰበስባል። ፍሬን መስለው ከጎማዎቹ አጠገብ የሚንጠለጠሉትን ቁርጥራጮችም እግረ መንገዳችሁን እዩ። ባቡሯ አንዴ ከወደቀች ተጣመው ጎማውን ይነካሉ።

ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዴ ብልጭ የሚል አምፖል ደግሞ የሚያመለክተው ጎማዎቹን በጎን የሚያያይዙትን ዘንጎች ነው። አንዱ ዘንግ ተጣሞ በዙሩ አንድ ቦታ ላይ ሻንሲውን ይነካል። ቀስ ብላችሁ አዙሯትና አምፖሉ ሲበራ አቁሙ። ጎማውን በጣት አታስገድዱ፤ በብዙዎቹ ላይ ጠመዝማዛው ጥርስ ወደ ኋላ አይዞርም፣ ይሰበራል። ከሞተሩ ዘንግ በኩል አዙሩ።

ሞተሩን የምነካው በመጨረሻ ነው። ብዙ ጠጋኝ ካቻቢቴ ይዞ መጀመሪያ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ያለ ጥፋቱ ይፈታዋል። አንዱን የሞተር ሽቦ ንቀሉ። አምፖሉ አሁንም ከበራ ሞተሩ ነፃ ነው፣ ወደ ጎማዎቹ ተመለሱ። ከጠፋ ግን ሁለቱን የሞተር ጫፎች አንድ በአንድ ከሻንሲው ጋር ለኩ። በድሮዎቹ ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ ከሚያስገቡት ሁለት ካርቦኖች አንዱ ሆን ተብሎ ከሻንሲ ጋር የተገናኘ ነው፤ አትደንግጡ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ቴስተሩ ጢጥ ቢልም አትመኑት። የሞተር ጥቅል ራሱ ጥቂት ኦም ስለሆነ ርካሽ ቴስተር እንደ ሾርት ይቆጥረዋል። ቁጥሩን አንብቡ፤ ዜሮ ከተጠጋ ነው ችግሩ። ያኔም በካርቦኖቹ መካከል የተበየደችውን ትንሽ ካፓሲተር አንድ እግሯን ነቅላችሁ ሞክሩ። እሷ የሬዲዮ ረብሻ ለመቀነስ ነው የገባችው፣ ያለ እሷም ባቡሯ ትሄዳለች። እሷ ካልሆነች ካርቦኑ የሚነካው መዳብ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ክፍተቶች በስቴኪኒ ጥረጉ። የካርቦን ብናኝ እዚያ ተጠቅጥቆ ያገናኛቸዋል።

ሾርት የሚመስል፣ ግን ሾርት ያልሆነም አለ። አምፖሉ ግማሽ ያህል በርቶ ባቡሯ እያቃሰተች ከቆመች ሞተሩ ታንቋል እንጂ ሾርት አይደለም። በዓል ሲሆን ሳሎን ወለል ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ሐዲዱ ደግሞ እሱ ላይ ተዘርግቶ፣ ጥርሱ ውስጥ የቄጤማ ክር ተጠምጥሞ ስንቴ አውጥቻለሁ። በወረንጦ አውጡ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩ።

ከጀርመን የመጣች ሜርክሊን ከሆነች ከመክፈታችሁ በፊት ሐዲዱን እዩ። የዚህ ኩባንያ ኤችኦ ባቡሮች ኤሌክትሪክ የሚወስዱት በሐዲዱ መሀል ከተደረደሩ ነጥቦች ነው፣ ሁለቱ ሐዲዶች አንድ ወገን ናቸው። ጎማዎቹ ስላልተለዩ ተራ ሐዲድ ላይ ስታስቀምጧት ወዲያው ሾርት ታደርጋለች። ባቡሯ ጤነኛ ናት።

ሞተሩን በዲጂታል ትእዛዝ የሚያንቀሳቅስ ቦርድ አስገቡልኝ የሚል ደንበኛ ከመጣ፣ ሁለቱም የሞተር ጫፎች ከሻንሲው ፈጽሞ መለየታቸውን ሳትለኩ አትበይዱ። ካልተለዩ ቦርዱ ገና ሲሰካ ይቃጠላል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ስትጨርሱ አምፖሉን አታውጡት። ያላችሁን ጠባብ ኩርባ ገጥማችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አስሩጧት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ። አንዳንዱ ሾርት ሲሞቅ ብቻ ነው የሚመጣው። አምፖሉ ጨለም እንዳለ ከቆየ ያኔ አውጡትና ለባለቤቷ ደውሉ።