የምህንድስና ተማሪዎችን በጥያቄ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

የኮንክሪት መዋቅር ኮርስን ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በማጠቃለያ ፈተናው ላይ ስሌት የማይፈልግ አንድ ጥያቄ አስገባሁ። ከግድግዳ ወጥቶ አየር ላይ የቀረ የበረንዳ ሶሌታ ሥዕል ሰጥቼ፣ ዋናው ፌሮ የት እንደሚቀመጥ በእርሳስ እንዲያሰምሩ ብቻ ጠየቅሁ። ከዚያ በፊት ባለው ጥያቄ የዚያኑ ሶሌታ ሞመንት (ጭነቱ ሶሌታውን የሚያጎብጥበትን መጠን) ያለ ስህተት ያሰሉ ብዙ ተማሪዎች ፌሮውን ከታች አሰመሩት። ኮንክሪት ሲታመቅ ብርቱ፣ ሲሳብ ግን ደካማ ነው፤ እንዲህ ባለው በረንዳ ላይ የሚሳበው ደግሞ የላይኛው ፊት በመሆኑ፣ እነሱ እንዳሰመሩት ቢሠራ የኮንክሪት መያዣው እንጨት በተነሳበት ቀን ከግድግዳው ሥር ተሰንጥቆ ሊወድቅ ይችላል። ተማሪዎቹን ለመውቀስ ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን መንፈቅ ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ቀመር ስጽፍ የቆየሁት እኔ ነበርኩ፣ እነሱም የተሰጣቸውን በሚገባ ሸምድደዋል።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት የማስተማር ዘዴ በአሜሪካው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር በሆነው በኤሪክ ማዙር ስም የሚታወቀው ነው። ማዙር በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ከባድ ስሌት የሚሠሩ ተማሪዎቹ በቀላል የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄ ሲወድቁ አይቶ፣ ገለጻውን በአጫጭር ክፍሎች ከፋፍሎ በየመካከሉ ተማሪዎች የሚከራከሩበት ጥያቄ ማስገባት ጀመረ። በ2014 የታተመና በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው ክፍሎች 34 በመቶ ገደማ፣ ተማሪዎች በሚሳተፉባቸው ደግሞ 22 በመቶ ገደማ ተማሪዎች እንደሚወድቁ አሳይቷል። ከዚህ በታች የማቀርበው ይህንን ዘዴ ብዙ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል ውስጥ እንዴት እንደምሠራበት ነው።

1. የሚሳሳቱበትን ቦታ ይፈልጉ

ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀቶች አውጥተው ከሠላሳ የማያንሱትን ስህተት ብቻ እየፈለጉ ያንብቡ። ነጥቡን ይርሱት። ሦስት ወይም አራት ስህተቶች እየተመላለሱ ሲመጡ ያገኛሉ፤ ጥያቄ የሚሠራው በእነሱ ላይ ነው።

2. ጥያቄውን ይጻፉ

ይህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል፣ እኔም አብዝቼ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ለክፍል ያቀረብኩት ጥያቄ፣ ጫፉ ላይ ክብደት የተሸከመ የካንቲሊቨር ቢም (እንደ በረንዳው በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ አግዳሚ) ርዝመቱ በእጥፍ ቢጨምር ጫፉ የሚወርድበት መጠን በስንት እጥፍ ይጨምራል የሚል ነበር። ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል «ስምንት እጥፍ» አለ፣ መልሱም ትክክል ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ለካስ ጥያቄው የጠየቀው በቀመሩ ውስጥ ርዝመት ወደ ሦስተኛ ደረጃ ከፍ ማለቱን ማስታወስ ብቻ ነበር፤ ቢሙ ሲጎብጥ የትኛው ፊቱ እንደሚሳብ ያልገባው ተማሪም በቀላሉ ያልፈዋል። በዚያ መንፈቅ ዓመት መጨረሻ የበረንዳው ፌሮ አሁንም ከታች ተሰምሮ መጣ።

አሁን እያንዳንዱን ጥያቄ የምመዝነው ተማሪው የቀመር ወረቀት በእጁ ይዞም ሊሳሳት ይችላል ወይ ብዬ ነው። ሊሳሳት የማይችል ከሆነ ጥያቄውን እጥለዋለሁ። ለምሳሌ የስታቲክስ (በማይንቀሳቀሱ አካላት ላይ ያሉ ኃይሎችን የሚያጠና ትምህርት) መምህራን የሚያውቁትን የቆየ ጥያቄ እንውሰድ፦ በጠረጴዛ ላይ የተጋደመ የስፕሪንግ ሚዛን አለ፤ ከሁለቱ ጫፎቹ የሚወጡት ገመዶች በጠረጴዛው ዳርና ዳር ባሉ ፑሊዎች ላይ አልፈው እያንዳንዳቸው 100 ኒውተን የሚመዝን ዕቃ አንጠልጥለዋል፤ ሚዛኑ ስንት ያነባል? «200» የሚለው ተማሪ ሁለቱን ደምሯል፣ «0» የሚለውም አቀናንሷል፤ ሁለቱም የሚዛኑን ፍሪ ቦዲ ዲያግራም (ሚዛኑን ለብቻው ነጥሎ የሚስቡትን ኃይሎች ሁሉ የሚያሳይ ሥዕል) አልሳሉም። መልሱ 100 ነው፤ አንደኛውን ዕቃ አንስተን ገመዱን ግድግዳ ላይ ብናስረው ግድግዳውም በ100 ኒውተን መልሶ ይስባል፣ ሚዛኑም ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። እዚህ ላይ የሚያግዝ ቀመር የለም፤ ተማሪው ያለው አማራጭ ማሰብ ብቻ ነው።

የተሳሳቱትን አማራጮች ከራስዎ አይፍጠሩ። መምህር ያሰበው ስህተት ተማሪ የሚሠራውን ስህተት አይመስልም፤ እኔ ተንኮለኛ ናቸው ብዬ የጻፍኳቸውን አማራጮች አንድም ሰው ሳይመርጣቸው ቀርቷል። ከፈተና ወረቀቱ ላይ የተማሪውን ሥዕል እንዳለ ይቅዱት። «ሁሉም መልስ ናቸው» እና «መልሱ አልተሰጠም» የሚሉ አማራጮችን ደግሞ ከነጭራሹ ይተዉአቸው፣ የሚያገለግሉት ለደከመው መምህር ነው።

የበረንዳው ጥያቄ በመጨረሻ የያዘው መልክ አራት ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው፦ ፌሮው ከላይ ሆኖ ግድግዳው ጋ የሚቆም፣ ከላይ ሆኖ ወደ ክፍሉ ሶሌታ ጠልቆ የሚገባ፣ ከታች የተቀመጠ፣ እና መሐል ላይ የተቀመጠ። ከላይ መሆኑን ያወቀው ተማሪም ገና አላመለጠም፤ ግድግዳው ጋ የተቆረጠ ፌሮ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ሲሳብ ተመዝዞ ይወጣልና። ከውይይቱ በኋላ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ በሥዕል ላይ ከላይ ያለ ፌሮ፣ ኮንክሪት የሚያፈስሱት ሠራተኞች ረግጠውት ከታች ሊገኝ ስለሚችል፣ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ከሥር የሚደግፉትን የብረት እግሮች መቁጠር የመሐንዲሱ ሥራ ነው። ይህን ፌራዮዎች (ፌሮ የሚያስሩት ሠራተኞች) ያውቁታል፤ ተማሪዎች የሚሰሙት ግን ብዙውን ጊዜ ለልምምድ ሲወጡ ነው።

አንድ ጥሩ ጥያቄ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ለአንድ የሃምሳ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

3. በዝምታ ድምፅ ያሰጡ

ጥያቄውን ካሳዩ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ማንም እንዳይናገር ያድርጉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን ደብተሩ ላይ ጽፎ ካርድ ያንሳ። እኔ የምጠቀመው ከካርቶን የተቆረጡ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ካርዶችን ነው። በስልክ ድምፅ የሚሰበስቡ መተግበሪያዎችን ሞክሬ ትቻቸዋለሁ፤ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የክፍለ ጊዜው ሩብ «መምህር፣ አልከፈተልኝም» በሚል ያልቃል። ካርድ መብራት አይፈልግም። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያና በካርድ መካከል በመማር ላይ ልዩነት እንደሌለ ያሳየ ጥናትም አለ።

እጅ ማስወጣት ግን አይሠራም። ተማሪዎቹ «ሰቃይ» የሚሉት ልጅ እጁን እስኪያወጣ ሁሉም ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው የእሱ ድምፅ ብቻ ነው። ካርዱን ደረታቸው ላይ አድርገው በአንድ ጊዜ እንዲያሳዩ ያድርጉ።

4. ያከራክሯቸው፣ ድምፁንም ይድገሙ

በትክክል የመለሱት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ክርክር አይጠቅምም፤ ሐሳቡን እንደገና ያስረዱ። ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ ምክንያቱን ባጭሩ ተናግረው ይለፉ። በመካከሉ ላይ ከወደቁ «የተለየ መልስ ያለው ጎረቤት ፈልጉና አሳምኑት» ብለው ሦስት ደቂቃ ይስጡ። የድምፁን ውጤት ከክርክሩ በፊት አይንገሩ፣ ሁሉም ወደ ብዙኃኑ ይዞራል። ፊትዎንም ይጠብቁ፤ አንዲት ተማሪ ከክፍል በኋላ ወደ እኔ ቀርባ «መምህር፣ ትክክለኛው ካርድ ሲበዛ እኮ ፈገግ ይላሉ» ብላ እስክትነግረኝ ድረስ፣ መልሱን ለወራት ሳስተላልፍ እንደነበር አላወቅሁም።

የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ በመጀመሪያ ክርክሩም በእንግሊዝኛ እንዲሆን አዝዤ ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው አንዱ ለሌላው መልሱን ሲያስገለብጥ ብቻ ነበር። ትእዛዙን ባነሳሁበት ሳምንት አዳራሹ ገበያ መሰለ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሚግባቡበት ሁሉ ይከራከራሉ፤ «ሞመንት» እና «ሪአክሽን» (ድጋፉ መልሶ የሚገፋበት ኃይል) የሚሉት ቃላት ብቻ እንዳሉ ይቀራሉ። በእንግሊዝኛ የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር ያልገባውን ሰው ይሸፍነዋል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው «ለምን?» ሲባል ግን ተማሪው የራሱን ምክንያት ማምጣት ይኖርበታል። የመጨረሻውን ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ያድርጉት፣ ፈተናው የሚመጣው በዚያ ነውና።

እርስዎ በዚህ ጊዜ መድረኩ ላይ አይቁሙ። በመደዳዎቹ መካከል እየሄዱ ያዳምጡ፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆኑትን የተሳሳቱ አማራጮች የሚያገኙት እዚያ ነው።

ድምፁ ከተደገመ በኋላ ማብራሪያውን በሚዳሰስ ነገር ይጀምሩ። ለበረንዳው ጥያቄ ከፍራሽ የተቆረጠ ረዘም ያለ ስፖንጅ እይዛለሁ፤ በጎኑ ላይ በማርከር እኩል የተራራቁ ቀጥ ያሉ መስመሮች ተሰምረዋል። አንዱን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ በመዳፌ ጫን አድርጌ ሌላውን ወደ ታች ስገፋው፣ መስመሮቹ ከላይ ይራራቃሉ፣ ከታች ይጠጋጋሉ። ከኋላ የተቀመጡት ብድግ ብለው ያዩታል። ከዚህ በኋላ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

5. ፈተናውን ይቀይሩ፣ ለቅሬታም ይዘጋጁ

በክፍል ውስጥ ጽንሰ ሐሳብ አስተምሮ በፈተና ስሌት ብቻ የሚጠይቅ መምህርን ተማሪ በሁለት ሳምንት ይደርስበታል። እኔ ከፈተናው ሲሶ ያህሉን ያለ ስሌት የሚመለሱ ጥያቄዎች አደርገዋለሁ። ከኮርሱ አውትላይን ውስጥ የቀመር ማረጋገጫዎቹን ለቤት ንባብ እተዋለሁ፣ አለዚያ ኮርሱ አያልቅም።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የተማሪዎች ግምገማዬ አሽቆለቆለ። አንዱ «መምህሩ እኛን ያከራክራሉ እንጂ አያስተምሩም» ብሎ ጽፎ ነበር። በ2019 የታተመ የሃርቫርድ ጥናት ይኸው ነገር እዚያም እንዳለ አሳይቷል፤ በተሳትፎ የተማሩት የፊዚክስ ተማሪዎች ጥሩ ገለጻ ካዳመጡት ይበልጥ ተምረው ሳለ፣ ያነሰ የተማሩ መስሏቸው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለምን እንዲህ እንደሚደረግ አስቀድመው ይንገሯቸው። እኔ የበረንዳውን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

6. ይመዝግቡ

ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ የሁለቱንም ድምፆች ግምታዊ ቁጥር በጥያቄው ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፉ። ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ ሁሉም የሚመልሰው ጥያቄ ወይ ቀላል ነው፣ ወይ ከሲኒየሮች ወርዷል። የበረንዳው ጥያቄ በዚህ መንገድ ጡረታ ወጥቷል። በምትኩ አፈር የሚደግፍ የኮንክሪት ግድግዳ አምጥቼ ዋናው ፌሮ በየትኛው ፊት ይሁን ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱ በአፈሩ በኩል ነው። ባለፈው መንፈቅ ዓመት በመጀመሪያው ድምፅ አብዛኛው ክፍል ከአፈሩ በተቃራኒ ባለው ፊት ላይ ስላስቀመጠው፣ ገና ጥቂት ዓመታት ያገለግለኛል።