የጡረታ ገንዘብ፣ ቦንድና ውክልና፦ አሜሪካ ላላችሁ

«የጡረታ ገንዘቤን አውጥቼ አገር ቤት ቦንድ ልግዛበት?» የሚለውን ጥያቄ ጡረታ የተቃረቡ ወገኖቼ ደጋግመው ያነሱልኛል። መልሴ አይሆንም ነው።

ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከፎር-ኦ-ዋን-ኬ (በአሠሪ በኩል ከሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ወይም ከአይ-አር-ኤ (በግል ከሚከፈት የጡረታ ሂሳብ) የሚያወጣ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከገቢ ግብሩ ሌላ ግብር ከሚከፈልበት ወጪ ገንዘብ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ቦንድ ከፈለጋችሁ የአሜሪካን ግምጃ ቤት ቦንድ እዚያው አይ-አር-ኤ ውስጥ መግዛት ይቻላል። እኔ የምመርጠው ዋናው ገንዘብ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያድገውን፣ ቲፕስ የሚባለውን የግምጃ ቤት ቦንድ ነው። አይ-ቦንድ የሚባለው የመንግሥት የቁጠባ ቦንድ ግን አይ-አር-ኤ ውስጥ አይገባም።

በብር የሚከፈል ቦንድ ሌላ ጣጣ አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሊለቀቅ ሲል አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። ያኔ 10,000 ዶላር መንዝሮ ያስቀመጠ ሰው፣ 10 በመቶ ወለድ ቢታሰብለት እንኳ፣ በዓመቱ 5,000 ዶላር አይሞላለትም። «መንግሥት አይከስርም» ለምትሉም፦ አገራችን በ2007 ዓ.ም. ለውጭ ገበያ የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ፣ ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱ ሳይከፈል ቀርቷል። ለግድቡ ቦንድ የገዛነው ለአገር ብለን ነው፤ ዛሬም ቢሆን እገዛለሁ፤ ግን ከተረፈኝ ላይ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ውክልናው ነው። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ፓርኪንግ ሠርቶ ባጠራቀመው አገር ቤት ቦንድ ገዛ። ሰርተፊኬቱን የወንድሙ ልጅ ዘንድ አስቀመጠ። ቆይቶ ለአንድ የቦታ ጉዳይ ውክልና ላከለት። ውክልናውን ያዘጋጀው ሰው «ለሁሉም እንዲሆን» ብሎ መሸጥ መለወጥ፣ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት፣ ሌላ ሰው መወከልም ጨመረበት። ቦንዱ ጊዜው ሲደርስ ልጁ ዋናውንም ወለዱንም አወጣ። አጎቴ የሰማው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየበዓሉ በስልክ እንኳን አደረሰህ ይባባሉ ነበር።

ሽማግሌ ተሰበሰበ። ገንዘቡ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ የለም። «የሥጋህን ልጅ ልትከስ ነው? አንተ እኮ ዶላር አለህ» ተባለ። ዶላር አለው የተባለው ሰው ዛሬም በስተርጅና ሌሊት ሌሊት መኪና ያቆማል። ፍርድ ቤት ቢሄድም ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የራሱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ልጁ ጠጥቶ አላጠፋውም፦ እናቱን አሳከመበት፣ ቤት አደሰበት፣ በቀረው ነገደበትና ከሰረ። ውጭ ያለ ሰው ገንዘብ የቤተሰቡ ሁሉ ነው ብሎ ከልቡ ያምናል። እንዲህ ያለውን ሰው በጨዋነቱ መዝናችሁ አትለዩትም።

ስለዚህ የምትረዱት ሰውና ወረቀታችሁን የሚይዘው ሰው አንድ አይሁኑ። ለወንድማችሁ የምትሰጡትን በግልጽ ስጡት፤ ውክልናውን ግን ከእናንተ ምንም ለማይጠብቅ ሰው፣ ቢቻል በክፍያ ለሚሠራ ጠበቃ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ገንዘብ ለአንድ ሥራ ለማዋል ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ይህን መከላከያ የምናፈርሰው ራሳችን፣ ሥልጣኑን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ እየዘረዘርን ነው። ለአንድ ጉዳይ አንድ ውክልና ጻፉ፤ «ሌላ ሰው መወከል ይችላል» የሚለውን አሰርዙ። የቦንድ ሰርተፊኬት ዋናው እናንተ ጋ ይቀመጥ።

ከዚህ የሚላክ ውክልና የሚያልፍበትን መንገድ ታውቁታላችሁ፦ ኤምባሲ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ።

አይ-አር-ኤ ላይ ወራሽ ብላችሁ የሞላችሁትን ስምም ዛሬውኑ እዩ። ላጤ ሳላችሁ ወንድማችሁን ጽፋችሁ ከነበረ፣ ኑዛዜ ብትለውጡም በአብዛኛው ገንዘቡ የሚሄደው ቅጹ ላይ ላለው ስም ነው። የሰጣችሁትን ውክልና ስትሽሩ ደግሞ መሻሪያውን ማስመዝገብ ብቻ አይበቃም፤ ለተወካዩም፣ ሂሳብ ላላችሁበት ባንክም በጽሑፍ አሳውቁ፣ የተቀበሉበትን ማኅተም ያለበት ቅጂም ያዙ።