የጅማን ዘፈን ለልጆች ስናስተምር የምንሳሳታቸው ነገሮች

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። ጅማ ከተማ፣ ሄርማታ አካባቢ አንዲት እናት የኦሮምኛ የሰርግ ዘፈን ሲዘፍኑ በስልኬ ቀረጽኩ። ስልኩ «ድምፅ 14» ብሎ አስቀመጠው፤ እኔም ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ተውኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ስከፍተው፣ ሙሽራዋ ስትሸኝ የሚባል ይሁን ሚዜዎቹ ሲገቡ፣ ጠፋኝ። እሳቸው ደግሞ አርፈዋል። አሁን ከዘፈኑ በፊት ማን እንደሆኑ፣ ዘፈኑ የየት እንደሆነና መቼ እንደሚዘፈን ራሳቸው እንዲናገሩ አደርጋለሁ። ፈቃዳቸውንም እዚያው ላይ እቀዳለሁ።

ሌላው፣ ሁሉንም «የጅማ ባህላዊ ሙዚቃ» ብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት ነው። ጅማ የአባ ጅፋር አገር ናት፤ ጌረርሳው፣ የጀግንነት ዘፈኑ፣ የኦሮሞው ነው። ግን ከፋውም፣ ዳውሮውም፣ የሙም እዚሁ ይኖራል። የዳውሮን ዲንካ ውሰዱ። ረጃጅም የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው፤ አንድ ነፊ ዜማውን ብቻውን አይጨርሰውም። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው ጣል ያደርጋል። አንድ ልጅ ከቀረ ቀዳዳው ይሰማል። ስለዚህ እንደ ዋሽንት «ቤታችሁ ተለማምዳችሁ ኑ» ብሎ ነገር የለም። መንዙማ ደግሞ ውዳሴና ዱዓ ነው፤ መድረክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ሼኾቹን ጠይቁ።

የኦሮምኛ ግጥም በግዕዝ ፊደል ጽፎ ማደልም አለ። ልጆቹ የሚያነቡት በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርቱ በዚያ ነው። ኦሮምኛ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉሙ ይለወጣል። በእኛ ፊደል ግን «መሬት»ም «ለስላሳ»ም «ላፋ» ሆነው ቁጭ ይላሉ። ያልገባው ልጅ መሬቱን አለስልሶ ይዘፍናል።

ክራርን በኪቦርድ መቃኘትስ? ኪቦርድ ድምፆቹን እኩል ከፋፍሎ ነው ከፋብሪካ የወጣው፤ የድሮ ክራር መቺ የሚቃኘው በጆሮው ነው። አንድ ተማሪዬ በስልክ መቃኛ ክራሩን አስተካክሎ፣ ኮራ ብሎ ለአንድ አዛውንት ሰጣቸው። መታ መታ አደረጉት። ምንም አላሉም። ሦስተኛውን አውታር ትንሽ ላላ አድርገው መለሱለት። ልጁ ደግሞ ሲመታው ዝም አለ።

የመጨረሻው የዴስክ ነገር ነው። የደቦ ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው፣ ጭብጨባ አለው፣ እግር አለው። ልጆቹን በረድፍ አስቀምጣችሁ «ተቀበሉ» ብትሏቸው የሚመጣው የአንደኛ ክፍል ሀሁ ነው። ዴስኩን ወደ ግድግዳ ግፉት።