ያችን ትርፍ ቀስት አጥፏት፦ ሰርኩላር ሞሽን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስጠናለሁ። ሰርኩላር ሞሽን (በክብ መስመር መዞር) ላይ ስንደርስ ደብተሩን ሳልገልጥ ምን እንደማገኝ አውቀዋለሁ። መኪና ኩርባ ይዞራል። ተማሪው መኪናው ላይ ያሉትን ኃይሎች በቀስት ይሥላል፦ ክብደቱን ወደ ታች፣ ኖርማል ፎርሱን (መንገዱ መልሶ የሚገፋበትን) ወደ ላይ፣ ፍሪክሽኑን (የጎማና የአስፋልት ሰበቃን) ወደ መሀል። እስከዚህ ጎበዝ ነው። ከዚያ አራተኛ ቀስት ወደ መሀል ይጨምርና "ሴንትሪፔታል ፎርስ" (ወደ መሀል የሚስብ ኃይል) ብሎ ይጽፍበታል።

ኧረ በናታችሁ! ይህ ቀስት ከየት መጣ? መኪናውን የሚነካው አስፋልቱ ነው፤ የአስፋልቱን ደግሞ ፍሪክሽን ብላችሁ ሥላችሁታል። ሴንትሪፔታል ራሱን የቻለ ኃይል አይደለም፣ የሥራ መደብ በሉት። ኩርባ ላይ መደቡን የያዘው ፍሪክሽን ነው፣ በገመድ ታስሮ የሚዞር ድንጋይ ላይ ቴንሽን (የገመዱ ውጥረት)፣ ጨረቃ ላይ የመሬት ስበት። ለሥራ አስኪያጁ አንድ ደመወዝ፣ ለማዕረጉ ደግሞ ሌላ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የለም። እያንዳንዱን ቀስት "ማን ነው የሚገፋው? ማን ነው የሚጎትተው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣችሁለት አጥፉት። ኤም ቪ ስኩዌር ሲካፈል ለአር (ማስ በፍጥነት ስኩዌር ተባዝቶ ለክቡ ሬዲየስ ሲካፈል) በቀስት አይሣልም። ወደ መሀል ያሉት ኃይሎች ተደምረው እኩል የሚሆኑት ከእሱ ጋር ነው፣ በቃ።

ቀስቱን ወደ ውጭ አድርገው "ሴንትሪፉጋል" (ከመሀል ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል) የሚሉም አሉ። "ታዲያ ታክሲ ሲታጠፍ ለምን ወደ ውጭ እንገፋለን?" ይሉኛል። ማንም አልገፋችሁም። ሰውነታችሁ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል ታክሲው ከሥሩ ታጠፈበት። በሩ ትከሻችሁን ሲያገኘው የሚገፋችሁ ወደ ውስጥ ነው። ከሚዞረው መኪና ጋር አብሮ እየዞረ ለሚያሰላ ሰው ሴንትሪፉጋል ይሠራል፤ የፈተናው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ዳር ቆማችሁ የምታዩትን ነው የሚጠይቀው።

ገመዱ ቢበጠስ ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል? "ወደ ውጭ" ትላለች ግማሿ ክፍል። ማሽላ ሲጠብቅ ወንጭፍ የወነጨፈ ልጅ እጁ መልሱን ያውቀዋል። አንዱን ጫፍ የሚለቀው ገመዱ ወደ ወፉ ሲያመለክት አይደለም፤ ሩብ ዙር ያህል ቀድሞ ነው። ድንጋዩ ሲለቀቅ በነበረበት አቅጣጫ፣ ክቡን ታክኮ ቀጥ ብሎ ይሄዳላ።

ስፒዱ ስላልተቀየረ አክስለሬሽኑ (የቬሎሲቲ ለውጥ በየሰከንዱ) ዜሮ ነው የምትሉ፣ ቬሎሲቲ ፍጥነት ከነአቅጣጫው ነው፤ አቅጣጫም ሲቀየር ቬሎሲቲ ተቀይሯል። ዲያሜትር ሲሰጣችሁ ደግሞ ሬዲየሱን ለማግኘት ለሁለት ማካፈል አትርሱ።

የፍጥነቱ ስኩዌር ግን በፈተና ብቻ አያልቅም። ሬዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የሚያስፈልገው አክስለሬሽን 2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። በ72 ስትሄዱ ብዙ ሰው "4" ይለኛል። 8 ነው! የፍሪክሽን ኮኢፊሸንቱ (የሰበቃው ጥንካሬ መለኪያ) 0.7 የሆነ ደረቅ አስፋልት እንኳ የሚችለው 7 ገደማ ነው፣ ስለዚህ መኪናው ከመንገዱ ይወጣል። "ጭነት ካለው መንገድ ይይዛል" የሚለውንም ተዉት፣ በዚህ ስሌት ማስ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። እንዲያውም አባይ በረሃ ኩርባ ላይ ከፍ አድርጎ የጫነ መኪና ገና ሳይንሸራተት ሊገለበጥ ይችላል።

በመጨረሻ፣ ከራስ በላይ የሚሽከረከር ባልዲ። ባልዲው አናት ላይ ሲደርስ ክብደትም ኖርማልም ወደ ታች ናቸው፤ ወደ ላይ የሚሣል ምንም የለም። ውሃው ወደ ታች እየተሳበ ነው፣ ባልዲው ደግሞ ቢያንስ በዚያው ፍጥነት አብሮት ስለሚታጠፍ አያመልጠውም። ሬዲየሱ 0.9 ሜትር፣ ጂ (የመሬት ስበት አክስለሬሽን) 10 ከሆነ ትንሹ ፍጥነት 3 ሜትር በሰከንድ ነው። ከዚያ በታች ሠርታችሁ ኖርማሉ ኔጌቲቭ ቢወጣ ምልክቷን ደልዛችሁ እንዳታልፉ። ባልዲ ውሃን ይገፋል እንጂ አይጎትትም፣ ኔጌቲቭ ማለት ውሃው አናታችሁ ላይ ፈሷል ማለት ነው።