በፕሮስቴት ውስጥ የሜታቦላይቶችን ዲፊውዥን እንዴት እንለካለን?

ዲፊውዥን የሞለኪውሎች የዘፈቀደ እንቅስቃሴ ነው። የተለመደው የዲፊውዥን ኤምአርአይ የሚከተለው ውሃን ነው፤ ውሃ ደግሞ በሕዋስ ውስጥም ከሕዋስ ውጭም ስለሚገኝ፣ የታየው ለውጥ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ለይቶ አይነግረንም። ሜታቦላይቶች፣ ማለትም በሕዋሳት ኬሚካዊ ሥራ ውስጥ የሚገኙ ትናንሽ ሞለኪውሎች፣ ግን የየራሳቸው ቦታ አላቸው፦ ሲትሬት በአብዛኛው በፕሮስቴት እጢው ቱቦዎች ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻል፤ ኮሊንና ክሬአቲን በዋነኛነት በሕዋሳት ውስጥ ይገኛሉ። የእያንዳንዳቸውን እንቅስቃሴ በኤምአር ስፔክትሮስኮፒ (የየሞለኪውሉን ሲግናል ለይቶ በሚያነብ የኤምአርአይ ዘዴ) ለብቻ መለካት ትልቅ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ታካሚ ከመግባቱ በፊት መሣሪያው በውሃ ጠርሙስ ይፈተሽ። ዲፊውዥን ከሙቀት ጋር ይጨምራል፤ ንጹሕ ውሃ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 0.0011 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ 0.0023 ገደማ ይደርሳል። በመሆኑም በድሬዳዋ ሙቀት የዋለ ጠርሙስና በደጋማዋ ሐረር ያደረ ጠርሙስ፣ መሣሪያዎቹ እንከን ባይኖርባቸውም፣ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ጠርሙሱን በበረዶና በውሃ ድብልቅ ውስጥ አስቀምጦ ሙቀቱ እስኪረጋ መጠበቅ በሁለቱም ከተሞች እኩል የሚሠራ፣ ብዙ ወጪም የማይጠይቅ ዘዴ ነው።

ከፕሮስቴቱ ናሙና (ባዮፕሲ) የተወሰደለት ታካሚ የፈሰሰው ደም ምስሉን እንዳያውክ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቢቆይ ይመረጣል። በፊንጢጣ ያለ ጋዝ የመግነጢሱን መስክ ስለሚያዛባ አስቀድሞ መጸዳዳት ያስፈልጋል። የመለኪያው ሳጥን (ሲግናሉ የሚወሰድበት ክልል) ሙሉ በሙሉ በእጢው ውስጥ ይቀመጥ፤ በዙሪያው ካለው ስብ የሚመጣውም ሲግናል ይታፈን።

ሜታቦላይቶች ከውሃ በዝግታ ስለሚንቀሳቀሱ ለውሃ ከተለመደው 800 ወይም 1000 ሰከንድ በካሬ ሚሊሜትር የሚበልጥ የቢ ዋጋ (ልኬቱ ለዲፊውዥን ያለው ትብነት) ያስፈልጋል። የኤኮ ጊዜው (ሲግናሉ ከተቀሰቀሰ በኋላ እስኪነበብ ያለው ጊዜ) ግን በሁሉም የቢ ዋጋዎች አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለዚያ የሲትሬት ሲግናል ቅርጽ ይለወጣል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የሲግናሎች ድምር ነው። ዲፊውዥንን ለመለካት የሚጨመረው ጠንካራ ግራዲየንት (ከቦታ ቦታ የሚለያይ መግነጢሳዊ መስክ) የአንጀትንና የትንፋሽን ትንሽ እንቅስቃሴ ወደ ፌዝ (የሲግናሉ ሞገድ የሚገኝበት ደረጃ) ልዩነት ስለሚቀይር፣ ተደጋጋሚ ልኬቶቹ ሳይታረሙ ከተደመሩ ሲግናሎቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ይህም ጉድለት ፈጣን ዲፊውዥን መስሎ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልኬት ለብቻው ይቀመጥ፣ ፌዙና ፍሪኩዌንሲው ይታረም፣ ከዚያ በኋላ ይደመር።

በመጨረሻም የሲግናሉ ሎጋሪዝም በቢ ዋጋ ላይ ተነድፎ የመስመሩ ቁልቁለት የዲፊውዥኑ መጠን ሆኖ ይወሰዳል። በካንሰር ክፍል ሲትሬት ስለሚቀንስ የሲግናሉ ጫፍ ከኖይዙ (ከዘፈቀደ ረብሻው) ጎልቶ ላይወጣ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አጠራጣሪ ቁጥር ከመስጠት «ሊለካ አልቻለም» ብሎ መመዝገብ ይገባል።