ፓስዎርዳችሁን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንዴት ታስተካክላላችሁ

ስልክ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ «ጂሜል ልክፈትልሽ?» ይላል። እሺ ትላላችሁ። ጣቱ ስክሪኑ ላይ ሁለት ደቂቃ ይሮጣል፣ ፕሌይ ስቶር ይከፈታል፣ ቴሌግራም ይጫናል፣ ሂሳብ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ፓስዎርዱ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ብዙ ጊዜ ስማችሁ ከ1234 ጋር ነው፣ ወይም ስልክ ቁጥራችሁ ራሱ። ትዝ የሚላችሁ ስልኩ ሪሴት ተደርጎ «በፊት የነበረውን የጎግል አካውንት አስገባ» ሲል ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኢሜይል ነው። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ «ፓስዎርድ ረሳሁ» ስትሉ ማስተካከያውን የሚልከው ብዙውን ጊዜ ወደ ኢሜይላችሁ ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሰው ሌላውን ተራ በተራ ይለቅመዋል።

1. ጂሜሉን የራሳችሁ አድርጉት

ሴቲንግስ ግቡ፣ ጎግል የሚለውን ክፈቱ፣ ወደ አካውንታችሁ ገብታችሁ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ፈልጉ። የድሮውን ፓስዎርድ ባታውቁትም አትደንግጡ። «ፎርጎት ፓስዎርድ» ስትሉ፣ አካውንቱ ስልኩ ላይ ስላለ፣ ብዙ ጊዜ ስልኩን በምትከፍቱበት አሻራ ወይም ፒን ያረጋግጥና አዲስ ያስቀይራችኋል።

እዚያው ገጽ ላይ ሪከቨሪ ስልክና ሪከቨሪ ኢሜይል የሚሉ አሉ፤ ፓስዎርድ ሲጠፋ አካውንቱ የሚመለስባቸው ናቸው። የማን እንደሆኑ አንብቡ። የሱቁ ልጅ ቁጥር ወይም ድሮ የጠፋ ሲም ካለ አጥፉና የራሳችሁን አስገቡ።

2. አዲሱ ፓስዎርድ ምን ይሁን?

ባለ 6 አሃዝ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ዓይነት ነው። የልደት ቀን ከሆነ ግን የመቶ ዓመት ቀኖች በሙሉ ቢደመሩ 36,500 ገደማ ናቸው። ለኮምፒውተር ይህ ምንም አይደለም። «እኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት» የሚል አይጠፋም። ቁጥሩን እጥፍ አደረገው፣ በቃ። ደግሞ ልደታችሁን ፌስቡክ ላይ በየዓመቱ እንኳን አደረሰሽ እየተባላችሁ ማን ይደብቅላችኋል?

ትልቅ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት፣ በየሦስት ወሩ መቀየር የሚለውን ሕግ ያስፋፋው የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው መመሪያ ነው። ጸሐፊው ቢል በር በ2017 ካሉት አብዛኛው ዛሬ እንደሚጸጽታቸው ተናግረዋል። ተቋሙም በዚያው ዓመት ሐሳቡን ቀየረ፤ ርዝመት ይሻላል፣ ያለ ምክንያት መቀያየሩም ይቅር አለ። እውነትም ሰው ሲገደድ «ኤ»ን በ@ ይተካል፣ መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ ይጥላል። ይህን ደግሞ የፓስዎርድ መስበሪያ ሶፍትዌሮቹ ገና ድሮ ያውቁታል።

የሚሻለው እንዲህ ነው። መዝገበ ቃላት በዘፈቀደ ግለጡና አምስት ቃል አውጡ። ለምሳሌ «ጀበና ሚዛን አዞ ጣሪያ ድልድይ»። በመሃላቸው ትርጉም የሚባል ነገር አይኑር። «አበበ በሶ በላ» አይሆንም፤ የዘፈን ግጥምና የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስም እንደዚያው። ከ7,776 ቃላት ዝርዝር ውስጥ አምስቱ በዕጣ ቢወጡ የሚፈጠረውን ጥምረት ለማወቅ 28 ጻፉና 18 ዜሮ ቀጥሉበት።

በላቲን ፊደል ነው የምትጽፉት፣ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ እንዳትቸገሩ። ታዲያ «ፀሐይ»ን የመሰለ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስፔሊንግ የሚጽፈውን ቃል ተዉት። ነገ ራሳችሁ እንዴት እንደጻፋችሁት ይጠፋችኋል።

ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፉት። አዎ፣ ወረቀት ላይ። ጠላፊው ሌላ አገር ሆኖ ቁም ሳጥናችሁን አይከፍትም። የቤት ካርታና የልደት ሰርተፍኬት የሚቀመጥበት ቦታ ይበቃል። ስልክ ጋለሪ ውስጥ ያለ ስክሪንሾት ግን ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል።

3. ቴሌግራም

ቴሌግራም ሲከፈት ፓስዎርድ የለውም፤ የሚገባው በሚላክላችሁ ኮድ ነው። ሌባውም የሚፈልገው ይህንኑ ኮድ ነው። ከምታውቋት ጓደኛ አካውንት መልእክት ይመጣል፦ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ»። ሊንኩን ስትከፍቱ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ። ኮዱን ሰጣችሁ ማለት አካውንቱን ሰጣችሁ ማለት ነው። ከደቂቃዎች በኋላ በእናንተ ስም «5,000 ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ለዘመድ አዝማድ ይበተናል። ጓደኛችሁም እንዲያው ነው የተበላችው።

መድኃኒቱ ከኮዱ ሌላ ሁለተኛ ፓስዎርድ ማስገባት ነው። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን። ፓስዎርዱን ሁለቴ ትጽፋላችሁ። ሂንት፣ ማለትም ፓስዎርዱን የሚያስታውስ ፍንጭ፣ ይጠይቃል፤ ባዶ ተዉት። ፓስዎርዱን ራሱን ሂንት ላይ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል! ቀጥሎ ኢሜይል ሲጠይቅ «ስኪፕ» አትበሉ፣ ቁጥር 1 ላይ ያስተካከላችሁትን ጂሜል ስጡት። ያለ ኢሜይል ከረሳችሁት፣ ገብታችሁ ያላችሁበት ስልክ ቢኖር እንኳ ሪሴት ጠይቃችሁ 7 ቀን መጠበቅ ይመጣል።

ከመውጣታችሁ በፊት ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ። የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» በሉ። ተበልታችሁም ከሆነ ቶሎ ብላችሁ ይህን አድርጉ። ገና የገባ ስልክ ነባሮቹን ወዲያው ማስወጣት አይፈቀድለትም፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የእናንተ ናቸው።

4. የቀረው ሁሉ የተለያየ ይሁን

ሊንክድኢን የሚባለው የሥራ ሰዎች መገናኛ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘረፈ። በ2016 የ117 ሚሊዮን ሰው ኢሜይልና ፓስዎርድ ለሽያጭ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የማርክ ዘከርበርግ የትዊተርና የፒንተረስት አካውንቶች ተጠለፉ። ጠላፊዎቹ ፓስዎርዱን ከሊንክድኢን ነው ያገኘነው አሉ፤ «ዳዳዳ» ይላል። የፌስቡክ ባለቤት እንዲህ ከሆነ እኛን ማን ይፈርድብናል። ግን ነገሩን አያችሁት፦ አንድ ቦታ የወጣ ፓስዎርድ ሌላ ቦታ ይሞከራል።

ሠላሳ ፓስዎርድ በቃል መያዝ አይቻልም። ቢትዋርደን የሚባል ፓስዎርድ የሚያስቀምጥ ነፃ አፕ አለ፣ ክሮም ውስጥ ያለው የጎግል ማስቀመጫም ይሠራል። እሱ ይፍጠር፣ እሱ ያስታውስ። እናንተ የምትይዙት የእሱን መክፈቻ ብቻ ነው። ኢሜይላችሁ ከዚህ በፊት ከተዘረፉት ውስጥ መኖሩን ለማየት ትሮይ ሀንት የተባሉ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈቱት «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የሚባል ገጽ አለ፤ ኢሜይሉን ታስገባላችሁ፣ የወጣበትን ይዘረዝራል።

የቴሌብርና የባንክ ፒን ለብቻው ነው፣ ስልክ ከምትከፍቱበትም ይለይ። ወኪሉ ጋ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አትናገሩት። ራሳችሁ ንኩት።

5. ውጭ አገር ላላችሁ

ዱባይም ሁኑ ዲሲ፣ ቴሌግራማችሁ በአዲስ አበባው ቁጥር ተከፍቶ ሲሙ መሳቢያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ኮዱም ለእሱ ይሄዳል። ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ቁጥራችሁን ስትነኩ «ቼንጅ ነምበር» ይላል። አሁን በእጃችሁ ወዳለው ቀይሩት፤ ቻቱም ግሩፑም አይጠፋም። ጂሜሉ ላይም ያንን የድሮ ቁጥር አውጡት። እናታችሁ ስልክ ላይ ደግሞ ቁጥር 3ን ራሳችሁ ሥሩላት፣ ክረምት ስትመጡ ወይም በቪዲዮ ኮል። ፓስዎርዱን ግን እሷ ትምረጥ።