የሞተር ነርቭ ሕመም ያለበትን ሰው ጥርስ ሐኪም ጋ ስትወስዱ

ኤ.ኤል.ኤስ (ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚጎዳ፣ ዋናው የሞተር ነርቭ ሕመም) ያለበትን ሰው የምታስታምሙ ካላችሁ ይህችን ልንገራችሁ። አባዬን ጥርስ ሐኪም ጋ ስወስደው የተማርኳት ናት።

ትልቁ ነገር ወንበሩ ነው። በጀርባው እንዳያስተኙት። ሕመሙ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ስለሚያደክም ሲንጋለል ትንፋሽ ያጥረዋል። መዋጥም ይከብደዋል፤ የመሣሪያው ውሃና ምራቁ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ወንበሩ 45 ዲግሪ ያህል ቀና ይበል፣ ውሃው ይቀነስ፣ መምጠጫው ከአፉ አይራቅ። እኛ የመጀመሪያ ቀን ሳንናገር ሄደን አባዬን ትን ብሎት ክፉኛ ደነገጥን።

መናገር ካቃተው ምልክት ተስማሙ። እጁ ካልታዘዘለት ዓይኑን ጠበቅ አድርጎ መጨፈኑ "አቁሙ" ማለት ይሁን። ሐኪሙም ረዳቱም ይወቁት።

ቀጠሮው አጭር ይሁን፤ ቢቻል ጠዋት፣ ጉልበት ሳያልቅ። መንጋጋውም ቶሎ ይዝላል፤ አፉን ከፍቶ የሚይዝለት የላስቲክ ድጋፍ እንዳላቸው ጠይቁ። የሚያስተኛ ወይም የሚያፈዝ መድኃኒት እንስጠው ካሉ ግን መጀመሪያ የነርቭ ሐኪሙ ይጠየቅ። ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ሌላ ነው።

ቤት ውስጥ አረፋ የማያበዛ የጥርስ ሳሙና ተጠቀሙ፣ እሱንም የአተር ፍሬ ታህል። ስትቦርሹለት ቁጭ ይበል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያድርግ።

የሚሞላ ወይም የሚነቀል ጥርስ ካለው ደግሞ አታቆዩት። አፉ በደንብ እየተከፈተ ሳለ አሁኑኑ ይሠራለት።